አራት ቀን፣ አንድ ጨዋታ፤ የዉስተር ማስታወሻዬ

ለንደን ውስጥ አውቶቡስ መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። እንጀራዬ ሰዓት ነው ማለት እችላለሁ። ትንሽ ስዘገይ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ይደወልልኛል፤ ስቀድም ደግሞ ፌርማታ ላይ ቆመህ ጠብቅ እባላለሁ። ሥራውን ያለማመዱኝ ጋሼ ናቸው። የካሪቢያኗ ባርቤዶስ ተወላጅ ናቸው። የለንደን ትራንስፖርት ከ1956 ጀምሮ እዚያ ድረስ ሄዶ ሠራተኛ ይቀጥር ነበር፤ እሳቸውም በዚያ መንገድ የመጡ ሰው ናቸው። «ጋሼ» የምትለዋን ቃል ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጋራዡ በሙሉ በሷ ይጠራቸው ጀመር። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ዉስተር ከተማ ሄዱ። በየዓመቱ «ና፣ የአራት ቀን ክሪኬት ላሳይህ» ይሉኝ ነበር። ዘንድሮ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ።

በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን እንደኛው ነው። ምክንያቱን ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

ዓርብ፦ ከለንደን ወደ ዉስተር

ግንቦት ውስጥ ነው። ከፓዲንግተን ጣቢያ ጠዋት ተሳፈርኩ። ቀደም ብዬ ስለቆረጥኩ ደርሶ መልሱ 52 ፓውንድ ነው የወጣብኝ። አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ዉስተር ደርሼ ጨዋታው ሲጀመር ሜዳው ውስጥ መሆን ነበረብኝ።

ኦክስፎርድን እንዳለፍን ባቡሩ ሜዳ መሀል ቀጥ አለ። የምልክት መብራት ተበላሽቷል አሉን። ይህ መስመር ቦታ ቦታ ላይ ነጠላ ሐዲድ ነው። አንዱ ባቡር ከቆመ ከወዲያ ማዶ የሚመጣውም ይጠብቃል። በመስኮት በጎች እያየን ተቀመጥን። ስንደርስ 75 ደቂቃ ዘግይተናል።

ከጣቢያው ወደ ሜዳው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ቁልቁል ወርጄ የሰቨርን ወንዝን ድልድይ ተሻገርኩ። በብሪታንያ ከሱ የሚረዝም ወንዝ የለም። ነጫጭ ዝይ የሚመስሉ ትልልቅ ወፎች፣ ስዋን የሚሏቸው፣ ከድልድዩ ሥር ተሰብስበዋል። ሜዳው ኒው ሮድ ይባላል። መግቢያ ሃያ ፓውንድ ግድም ከፈልኩ። ጋሼ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ደብተርና እርሳስ ይዘው ተቀምጠዋል። ተነሥተው አቀፉኝና መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስንት ደቂቃ ዘገየ?» ብለው ነው።

«75» አልኳቸው።

«20 ኦቨር» አሉ ወዲያው።

የክሪኬትን ሰዓት የተማርኩት ከዚህች መልስ ተነሥቼ ነው። አንድ ወርዋሪ ስድስት ኳስ ሲወረውር አንድ ኦቨር ይባላል። ከዚያ ሌላ ወርዋሪ ከሌላኛው ጫፍ ይቀጥላል። በእንግሊዝ የካውንቲ ሻምፒዮና፣ ካውንቲ የሚሏቸው አውራጃዎች በሚወዳደሩበት ሊግ፣ በሰዓት 16 ኦቨር መወርወር አለበት። 60 ደቂቃን ለ16 ስታካፍሉት ሦስት ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይመጣል። የአንድ ኦቨር ዋጋ ይህ ነው። የቀኑ ድርሻ 96 ኦቨር ነው፤ ስድስት ሰዓት ጨዋታ ማለት። አራት ቀን ሲሆን 384 ኦቨር። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ የመምታት ተራ አለው። አንድ ተራ የሚያበቃው አሥር መቺዎች ሲወጡ ነው፣ ወይም አምበሉ «ይበቃናል» ብሎ ሲያቆም። ለማሸነፍ ከተጋጣሚህ በላይ ሩጫ፣ ማለትም ኳሷን መትቶ በመሮጥ የሚገኝ ውጤት፣ መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም። ሰዓቱ ሳያልቅ የተጋጣሚህ ሁለቱም ተራ ማብቃት አለበት። ሰዓቱ ካለቀ አቻ ነው፤ ብልጫህ የፈለገውን ያህል ቢሆን።

የጨዋታው ሰዓት ደግሞ ለሐበሻ የተሠራ ነው የሚመስለው። አምስት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ይወጣሉ፤ 40 ደቂቃ። ዘጠኝ ተኩል ካለፈ በኋላ ሻይ አለ፤ 20 ደቂቃ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያበቃል። ጋሼን በእጅ ሰዓቴ ላይ ቁጥሩ እንዴት እንደሚዞር አሳየኋቸው። አገራችን አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ቀኑ አለቀ ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። በጣም ወደዱት። ልዩነቱ እዚህ በግንቦት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ መታየቷ ነው።

ሻይ ሲደርስ «የሴቶች ፓቪልዮን» ወደሚሉት ሻይና ኬክ ወደሚሸጥበት ቤት ወሰዱኝ። የኒው ሮድ ኬክ ስሙ የወጣ ነው። ቤት ውስጥ የተጋገረ፣ ወፍራም ቁራጭ። ዓርብ ነበር፤ ግን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም። የሎሚ ኬክና ሻይ ወሰድኩ፤ ከአምስት ፓውንድ ብዙም አላለፈም። እንዲህ ያለ ኬክ በለንደን ካፌ በዚያ ዋጋ አይታሰብም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ። ሰሌዳው ላይ የቀኑ ድርሻ ገና አምስት ኦቨር ይቀረዋል። ወርዋሪዎቹ ተንቀራፍፈዋል። ሰዎች ይነሣሉ ብዬ ብጠብቅ ማንም አልተነሣም። የቀረው ኦቨር ተወርውሮ ነው የሚያልቀው። በዚህ ላይ በዝግታ የወረወረ ቡድን ከሊጉ ነጥብ ይቀነስበታል። እኛ ጋ አውቶቡስ ሲዘገይ መስመሩን መሀል ላይ ቆርጠው ያዞሩታል፤ መጨረሻው ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ቆሞ ይቀራል። እዚህ ግን የተገባው ኦቨር ይሰጣል። ይህ ነገር ልቤን ነካኝ።

ቅዳሜ፦ ዝናብ

ያደርኩት ጋሼ ቤት ነው። ሆቴል ልያዝ ብል ልጃቸው ተቆጣችኝ። ከለንደን ያመጣሁትን ቡና ጠዋት አፈላሁላቸው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ «በጨዋታው ሦስተኛው ቀን ነው ብዙ የሚነግርህ» አሉኝ። ገና ሁለተኛው ነበር፤ ደመናውም ከብዷል።

አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ተጫውተው ካፊያው ጀመረ። ስድስት ሰዓት ከአሥር ይላል። ዳኞቹ ቤይሎቹን፣ ከመቺው ኋላ ከተተከሉት እንጨቶች አናት ላይ የሚቀመጡትን ሁለት ትንንሽ እንጨቶች፣ አንሥተው ወጡ። ሠራተኞች ትልቅ ሸራ እየጎተቱ ሮጡ። ከመሀል ሜዳው ላይ የመወርወሪያዋን ጠባብ ስፍራ ሸፈኑ። ሌላው ሣር ግን ይዘንብበታል።

እኔ ሁሉም ነገር አበቃ ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ደብተራቸውን አልዘጉም። በየሦስት ደቂቃ ከ45 ሰከንዱ አንድ ኦቨር ይጠፋል። እሳቸው በየሩብ ሰዓቱ አራት አራት ይጽፋሉ። የምሳና የሻይ ሰዓት አይቆጠርም፤ ያኔማ ድሮም ጨዋታ የለም። ስለዚህ ዝናቡ በምሳ ሰዓት ሲበረታ ጋሼ ደስ ይላቸዋል። «አሁን ይዝነብ፣ በነፃ ነው» ይላሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ጋሼ፣ እኔ ከተማውን ልይ» ብዬ ወጣሁ። ከሜዳው ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ፣ ትልቁ ካቴድራል አለ። በ1216 የሞተው ንጉሥ ጆን የተቀበረው እዚያ ነው። እኔን ያስቆመኝ ግን ከካቴድራሉ በታች ወደ ወንዙ የሚያወጣው የድንጋይ በር ነው። ግድግዳው ላይ መስመር መስመር ተቀርጿል፤ ከየመስመሩ ጎን ዓመተ ምሕረት አለ። ሰቨርን ሞልቶ የደረሰበት ከፍታ ነው። ከፍተኛው የ1770 ነው፤ የ1947ቱም አለ። አንዳንዱ መስመር ከቁመቴ በላይ ነው። ጣቴን መስመሩ ውስጥ አስገባሁት። ድንጋዩ እርጥብ ነበር። ክሪኬት ሜዳውም በፈረንጆቹ የብርድ ወራት ደጋግሞ የሚጥለቀለቅ ነው፤ በ2007 ደግሞ በሐምሌ፣ በጨዋታው ወቅት፣ ውኃ ዋጠው። እንግዲህ እዚህ ከተማ ዝናብና ጨዋታ የቆየ ሒሳብ አላቸው።

እዚያ ቆሜ ከማዶ ጭብጨባ ሰማሁ። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፤ እኔ ልብ አላልኩም። ተጫዋቾቹ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ተመልሰዋል። እየሮጥኩ ድልድዩን ስሻገር 45 ደቂቃ አልፏል። ጋሼ ፊት ላይ ቅሬታ አየሁ። «12 ኦቨር» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። የዓርቡን ባቡር አጥፍቶብኝ ነበር፤ ይህኛውን ግን በእጄ ነው ያጠፋሁት።

የቅዳሜው ኪሳራ ተደምሮ 48 ኦቨር ሆነ። የቀኑ እኩሌታ።

እሑድ፦ የባዚል ዶሊቬራ ስም

እሑድ ፀሐይ ወጣ። የምንቀመጥበትን ቦታ ቀየርን። የባዚል ዶሊቬራ ስም ያለበትን የተመልካች ሕንፃ ጋሼ ሊያሳዩኝ ፈለጉ። ዶሊቬራ የኬፕታውን ልጅ ነው። የአፓርታይድ ሥርዓት «ከለርድ» ብሎ ስለመደበው ለአገሩ መጫወት አይችልም ነበር። በ1960 ወደ እንግሊዝ መጣ፤ ከ1964 ጀምሮ የዚህ ካውንቲ ተጫዋች ሆነ። በነሐሴ 1968 ለእንግሊዝ ለንደን ላይ 158 ሩጫ መታ። እንግሊዝ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመጓዝ ቡድን ስትመርጥ መጀመሪያ ተዉት፤ በኋላ በተጎዳ ተጫዋች ምትክ አስገቡት። የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር አልቀበልም አለ። ጉዞው ተሰረዘ። የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ስፖርት እንድትገለል ትልቅ ግፊት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። አንድ አፍሪካዊ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ጸጥተኛ ከተማ ውስጥ ተጽፎ ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም። ፎቶ አነሣሁ።

ጋሼ የዚህን ካውንቲ ቡድን፣ ዉስተርሺርን፣ መደገፍ የጀመሩት ግን በሌላ ሰው ምክንያት ነው። ቫንበርን ሆልደር የሚባል የባርቤዶስ ፈጣን ወርዋሪ ከ1968 እስከ 1980 እዚህ ተጫውቷል። ገና የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሳሉ የአገራቸው ልጅ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። በ1974 ካውንቲው ሻምፒዮን ሲሆን ለንደን ውስጥ ብቻቸውን ጨፈርኩ ይላሉ።

በዚያ ዘመን የሻምፒዮና ጨዋታ ሦስት ቀን ነበር። የአራት ቀን ጨዋታ የገባው በ1988 ነው፤ ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ሁሉም አራት ቀን ሆነ። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። ሦስት ቀን አንሶ ነበር አሉኝ። በተለይ ዝናብ ሲገባበት ሁለት አምበሎች ቁጭ ብለው ይዋዋላሉ። አንዱ ሆን ብሎ ቀላል ኳስ ያስወረውራል፤ ሌላው ፈጥኖ ሩጫ ይሰበስብና ተራውን ያቆማል፤ ከዚያ ለመጨረሻው ከሰዓት ግብ ያስቀምጣሉ። ውጤት ይገኛል፤ ግን በስምምነት የተሠራ ውጤት ነው። አራተኛው ቀን የተጨመረው ጨዋታው ራሱ እንዲጨርሰው ነው። ይህን ስሰማ ጉዳዩ ገባኝ። ርዝመቱ ለመንዛዛት የመጣ አይደለም፤ ለእውነተኛ ውጤት በቂ ቦታ ለመስጠት ነው።

አሁንም ዘዴ አለበት። ያሸነፈ 16 ነጥብ ያገኛል፤ አቻ የወጣ ስምንት ስምንት። ከዚያ ሌላ በመጀመሪያ ተራ 110 ኦቨር ሳያልፍ 250 ሩጫ የደረሰ ነጥብ ይጨመርለታል፤ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እስከ አምስት ነጥብ። የሚወረውረውም ቡድን መቺዎችን በማስወጣት እስከ ሦስት ያገኛል። ስለዚህ በዝናብ የጠፋ ጨዋታ ላይ እንኳ የሚሠራበት ነገር አለ። ጠዋት ላይ የእኛዎቹ 250 ሲያልፉ ሜዳው አጨበጨበ። እኔም የቡድኑ ሰው ሆኜ አጨበጨብኩ። ከሰዓት በፊት ተራቸው አበቃ፤ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርተዋል። ተራ ሲለወጥ አሥር ደቂቃ ይሰጣል፤ ለሱም ሁለት ኦቨር ይቀነሳል። ሰዓት እዚህ ያለ ደረሰኝ አይወጣም።

ወደ ማታው ደመናው ተመለሰ። ዳኛው ከኪሱ የብርሃን መለኪያ አወጣ። እጁን ዘርግቶ ወደ እንጨቶቹ አነጣጠረው፣ ጓደኛውን ጠራው፣ ሁለቱም አዩት፣ አንዱ ወረቀት ላይ ቁጥሯን ጻፈ። ጨዋታው የተቋረጠባት ቁጥር ለቀሪው ጨዋታም መለኪያ ትሆናለች። ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ወጡ። ስምንት ኦቨር ሄደ።

እራት የባርቤዶስ ኩኩ ነበር። የበቆሎ ዱቄት ከባሚያ ጋር ተገንፍቶ፣ ላዩ ላይ የዓሣ ወጥ። መሀሉ ጎድጎድ ተደርጎ ወጡ ሲፈስበት የእናቴን ገንፎ አየሁ። ጋሼም ቂቤና በርበሬው የት አለ ብለው ጠየቁኝ፤ ጋራዥ ውስጥ አንዴ ያበላኋቸውን አስታውሰው ነው።

ሰዓት ገደብ የሌለው ጨዋታስ የለም ወይ አልኳቸው። እኛ ሰፈር የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ሰዓት የሚይዝ አልነበረም፤ ዓይን ማየት ሲያቅተው ያበቃል። እሳቸው የደርባንን ነገሩኝ። በመጋቢት 1939 ደቡብ አፍሪካና እንግሊዝ «እስኪያልቅ ድረስ» ብለው ጀመሩ። አሥር ቀን ተቆጠረ። እንግሊዝ ለማሸነፍ 696 ያስፈልጋት ነበር፤ 654 ደርሳ፣ አምስት መቺ ብቻ ወጥቶባት፣ 42 ሲቀራት ዝናብ መጣ። በኬፕታውን መርከብ ትጠብቃለች። መርከቧ ላይ ለመድረስ ባቡሩን መያዝ አለባቸው። ሄዱ። አቻ ተባለ።

ሰኞ፦ የመጨረሻው ሰዓት

ሻንጣዬን ይዤ ነው ሜዳ የገባሁት። ባቡሬ አሥራ ሁለት ከሃምሳ ላይ ነው። ማክሰኞ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል መሪ እይዛለሁ።

እንግዶቹ እስከ ምሳ መትተው አቆሙ። ለእኛዎቹ 281 ሩጫና 64 ኦቨር ቀረላቸው። አምበሉ ይህን ቁጥር ሲመርጥ የሚያስበውን ጋሼ አስረዱኝ። ብዙ ሩጫ ቢያስቀምጥ ተጋጣሚው ማሸነፉን ትቶ ይከላከላል። ጥቂት ቢያስቀምጥ ይሸነፋል። ቶሎ ቢያቆም ሩጫው ያንሰዋል፤ ቢዘገይ ደግሞ አሥር ሰው ለማስወጣት ኦቨር ያጥረዋል። የቅዳሜው ዝናብ ባይኖር ይህን ሁሉ ተረጋግቶ ይወስን ነበር።

እስከ ሻይ ድረስ የእኛዎቹ ያሸንፋሉ ብዬ ነበር። ከሻይ በፊት አምስተኛው ሰው ወጣ። ከዚያ በኋላ ሩጫውን ተዉት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ሰዓት ተጀመረ። በዚህ ሰዓት ቢያንስ 16 ኦቨር መወርወር አለበት፤ ወርዋሪም ቢቸኩል፣ መቺም ጓንቱን ቢያጠብቅ፣ 16ቱ አይቀሩም። ሰባት ሰው ወጥቷል። ሰዎች ከየካፌው ወጥተው አጥሩን ከበቡ። አሥራ አንድ ከአርባ ላይ ዘጠነኛው ወጣ።

አምስት ኦቨር ቀረ። ሠላሳ ኳስ። ሁለቱ መቺዎች ወርዋሪዎች ናቸው፤ መምታት ሥራቸው አይደለም። የሜዳው ተጫዋቾች ሁሉ መቺውን ከበው ቆሙ፤ ጥላቸው እግሩ ላይ ይወድቃል። ጋሼ አይናገሩም። ሩጫ ያልተገኘባት እያንዳንዷ ኳስ በደብተራቸው ላይ ነጥብ ናት። ስድስቱም ነጥብ ከሆኑ በመስመር ያያይዟቸውና የእንግሊዝኛውን ኤም ፊደል ይሠራሉ። የመጀመሪያውን ኤም ሠሩ። ሁለተኛውን። በሦስተኛው ላይ ኳሷ የዱላውን ጠርዝ ነካች፤ ከተጫዋቹ እጅ ፊት ወደቀች፤ አንድ ሩጫ ሮጡ። የአራተኛው ኦቨር ኤም ሲሠራ እርሳሳቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ ሻንጣዬን ለምን እንዳቀፍኩት አላውቅም።

የመጨረሻዋን ኳስ መቺው መሬት ላይ አስተኛት። ዳኛው ቤይሎቹን አነሣ። ሁለቱ ቡድኖች ተጨባበጡ። ሜዳው በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ለእንግዶቹም ጭምር። ዘጠና ደቂቃ ኳስ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ዜሮ ለዜሮ ሲወጡ በብስጭት ወደ ቤቴ ስመለስ ኖሬአለሁ። ያን ቀን ግን አቻ ሰው ላቡን አፍስሶ የሚያመጣው ነገር መሆኑን በዓይኔ አየሁ። እያንዳንዱ ካውንቲ በዓመት 14 እንዲህ ያለ ጨዋታ አለው። ይቀነስ የሚሉ አሉ፤ ወጪውንና የተጫዋቾቹን ድካም ያነሣሉ። ድካሙ እውነት ነው። ቢሆንም አራቱን ቀን አትንኩ እላለሁ። ሦስት ቀን ቢሆን ኖሮ እሑድ ማታ ሁለት አምበሎች ይዋዋሉ ነበር፤ እነዚያን ሠላሳ ኳሶች ማንም አያያቸውም።

ጋሼ እስከ ድልድዩ ሸኙኝ። ከዚያ ወዲያ ጉልበታቸው አይፈቅድላቸውም። ልጃቸው ለልጆቼ ኬክ በፎይል ጠቅልላ ላከች። ጋሼ ደብተሩን አወጡና አንድ ገጽ ቀደው ሰጡኝ። የሰኞው ይሆናል ብዬ ነበር። ባቡር ውስጥ ገልጬ ሳየው የቅዳሜው ነው። ከላይ 19 ኦቨር፣ ከታች 29። መሀሉ ባዶ ነው፤ አራት አራት እያሉ የጻፉት ቁጥር ብቻ በኅዳጉ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። እኔ ካቴድራል በነበርኩበት ሰዓት የተወረወሩት 12 ኦቨሮች ግን ኳስ በኳስ ተሞልተዋል፤ ከሌላው ሁሉ ጎላ ባለ እርሳስ።